የኤንኤፍኤል ኮምባይን ለራኒንግ ባክ ይሰራል ወይ? ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ኮምባይን፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ከኮሌጅ የሚመጡ ልጆችን የሚፈትንበት ዝግጅት፣ ሲደርስ ወሬው ሁሉ የ40 ያርድ ሩጫ ሰዓት ይሆናል። እገሌ በ4.3 ሰከንድ ሮጠ፣ እገሌ 4.6 ገባ፣ የእገሌ ዋጋ ወረደ። እኔ ግን ኮምባይንን እንደማንኛውም አገልግሎት ልገመግመው እፈልጋለሁ። የተባለለትን ይሰጣል ወይ? ለሁሉም ቦታ አይደለም፣ ለራኒንግ ባክ ብቻ። ይህን ቦታ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ኮሌጅ ላይ ጉድ ያሰኘ ልጅ ኤንኤፍኤል ገብቶ ድምፁ ሲጠፋ ከልቤ ይቆጨኛል፣ ማንም ያልቆጠረው ልጅ ተነስቶ ሊጉን ሲያንቀጠቅጥ ደግሞ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ውጤቱን ቀድሜ ልናገር። ከ5 ኮከብ 2። አንዱ ለሕክምና ምርመራው ነው። ሌላው ሚዛኑና ሰዓቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ለሚሰጡት መረጃ። ለቀረው ምንም አልሰጠሁም።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ፦ ራኒንግ ባክ ከኳርተርባኩ፣ ማለትም ጨዋታውን ከሚመራውና ኳሱን ከሚወረውረው ልጅ፣ ኳስ ተቀብሎ በተከላካዮች መሃል ሰንጥቆ የሚሮጠው ልጅ ነው። ሥራው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ኳስ ሲወረወርለት ይቀበላል። ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲዘጋጅ ደግሞ ከፊቱ ቆሞ የሚመጣበትን ሰው ያስቆማል። ሦስት ሥራ ማለት ነው። ኮምባይን ከሦስቱ የቱን ይለካል የሚለው ነው የኔ ጥያቄ።

ኮምባይን ከ1987 ጀምሮ ኢንዲያናፖሊስ ነው የሚካሄደው። ከ300 በላይ የኮሌጅ ተጫዋቾች ይጠራሉ። የሁሉም 32 ቡድኖች አሰልጣኞች፣ ሐኪሞችና መልማዮች ይገኛሉ። ልጆቹ ቁመታቸውና ክብደታቸው ይለካል፣ 40 ያርድ ይሮጣሉ፣ ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘላሉ፣ በኮን መሃል ይታጠፋሉ፣ 225 ፓውንድ ብረት የቻሉትን ያህል ይገፋሉ። ከቡድኖቹ ጋር አጫጭር ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። ራኒንግ ባኮቹ ከዚህ በተጨማሪ የቦታቸውን ልምምድ ይሰራሉ፤ መሬት ላይ የተኙ ከረጢቶችን እየዘለሉ ይታጠፋሉ፣ የተወረወረላቸውን ኳስ ይይዛሉ። ይህን ሁሉ የሚሰሩት በቁምጣና በቀላል ልብስ ነው። ሄልሜት የለም፣ የትከሻ መከላከያ የለም፣ የሚመታቸው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

ከኮሌጅ ወደ ኤንኤፍኤል ስትሻገሩ ሜዳው ራሱ አንድ አይደለም። ሜዳው መሃል ላይ ሁለት ረድፍ አጫጭር መስመሮች አሉ፣ ጨዋታው ሲጀመር ኳሱ የሚቀመጠው በነሱ ላይ ወይም በመካከላቸው ነው። ኮሌጅ ላይ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ርቀት 40 ጫማ ነው። ኤንኤፍኤል ላይ 18 ጫማ ተኩል ብቻ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለራኒንግ ባክ ግን ትልቅ ነው። ኮሌጅ ላይ ኳሱ ወደ አንዱ ጎን ተጠግቶ ሲቀመጥ በሌላው በኩል ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፣ ፈጣን ልጅ ወደዚያ ሰፊ ጎን ከወጣ የሚደርስበት የለም። ኤንኤፍኤል ላይ ኳሱ ሁሌም መሃል አካባቢ ነው። ሰፊ ጎን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወደ ጠርዝ ልውጣ ስትሉ ደግሞ እዚያ የሚጠብቃችሁ ላይንባከር፣ ከተከላካዮቹ የፊት መስመር ኋላ የሚቆመው ልጅ፣ ኮሌጅ ላይ እንደነበረው አይደለም፣ እሱም በፍጥነቱ ተመርጦ የመጣ ነው።

ሌላም አለ። ኮሌጅ ላይ ኳስ ሲወረወር የአጥቂው ቡድን የፊት መስመር ተጫዋቾች እስከ 3 ያርድ ወደፊት መሄድ ይፈቀድላቸዋል፣ ኤንኤፍኤል ላይ 1 ያርድ ብቻ። በዚህ ምክንያት ኮሌጅ ላይ ኳርተርባኩ ልስጥ ወይስ ልወርውር እያለ የተከላካዮቹን እግር የሚያስርበት ጨዋታ በጣም ይሰራል። ላይንባከሮቹ ተደናግረው ቆመው ሳሉ ራኒንግ ባኩ በተከፈተ በር ያልፋል። ልጁ ጎበዝ ነው ወይስ በሩ ሰፊ ነበር? ከስታቲስቲክሱ ብቻ አታውቁም። ከኮምባይንም አታውቁም።

ወደ ሰዓቱ ልግባ። 40 ያርድ ማለት 36 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አትሌቲክስ እያየን ላደግን ሰዎች አሰራሩ ራሱ ይገርማል። ሽጉጥ የለም። ልጁ ሲፈልግ ይነሳል፣ ሰዓት ያዡ እንቅስቃሴውን አይቶ በእጁ ያስጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጨረር ይቆርጠዋል። ልጆቹ የኮሌጅ ውድድር ካለቀ በኋላ ለሳምንታት ልዩ ማሰልጠኛ ገብተው አነሳስ ይለማመዳሉ። በርትተው ለፈተና ይዘጋጃሉ፣ ይህን አልነቅፍም፣ የሕይወታቸው ጉዳይ ነው። ግን የሚለማመዱት አነሳስ በጨዋታ ላይ አንዴም አያስፈልጋቸውም። ራኒንግ ባክ ተንበርክኮ አይነሳም። 36 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚሮጥበት አጋጣሚም በአንድ ጨዋታ አንዴ ቢመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ። እኔ ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የ2012ቱን ድራፍት፣ ቡድኖቹ የኮሌጅ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበትን፣ አልረሳም።

በዚያ ዓመት ክሊቭላንድ ብራውንስ ትሬንት ሪቻርድሰንን ከአላባማ በ3ኛ ምርጫ ወሰደው። ከ4ኛ ወደ 3ኛ ለመውጣት ብቻ ተጨማሪ ምርጫዎች ከፍሎ። ልጁ ጡንቻ ብቻ ነበር። በ2011 ለአላባማ 1,679 ያርድ ሮጦ 21 ታችዳውን (ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ) አስቆጥሯል። እርግጠኛ ነው ያላለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጉልበቱን ታክሞ ስለነበር ኮምባይን ላይ አልሮጠም፣ ግድም ያለው አልነበረም።

በዚያው ድራፍት፣ 6ኛ ዙር ላይ፣ በ173ኛ ምርጫ የኛው የዋሽንግተን ቡድን አልፍሬድ ሞሪስ የሚባል ልጅ ከፍሎሪዳ አትላንቲክ ወሰደ። ማን ነው ያልን ብዙ ነን። ፈጣን አይደለም፣ ትምህርት ቤቱ ትልቅ አይደለም። የሚነዳው 1991 ሞዴል ማዝዳ 626 ነበር፣ ስሟንም ቤንትሌይ ብሎ አውጥቶላታል፤ ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላም አልቀየራትም። እዚህ አካባቢ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውጤቱስ? ሪቻርድሰን በመጀመሪያ ዓመቱ 950 ያርድ፣ በአማካይ 3.6 ያርድ በአንድ ሩጫ። ሞሪስ 1,613 ያርድና 13 ታችዳውን። ከሊጉ በሙሉ የበለጠው አድሪያን ፒተርሰን ብቻ ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ ላይ፣ ዳላስን ሲያሸንፉና ምድቡን ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ ሞሪስ ብቻውን 200 ያርድ ሮጦ 3 ታችዳውን አስቆጠረ። ያን ምሽት ያየ ሰው ስለ ሰዓት ሊያወራኝ አይችልም።

ሪቻርድሰን የፊት መስመሩ ደካማ ስለነበር ነው የሚሉ ነበሩ። እንግዲህ ክሊቭላንድ ላይ ከፊቱ የነበረው ጆ ቶማስ ነው፣ ዛሬ በዝና አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው። ቢሆንም እሺ እንበል። ሴፕቴምበር 2013 ላይ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ለሱ ብሎ የ1ኛ ዙር ምርጫ ሰጥቶ ወሰደው። እዚያ በዚያ ዓመት 157 ጊዜ ኳስ ይዞ 458 ያርድ ነው የሮጠው፣ በአማካይ 2.9። በዚያው ቡድን፣ በዚያው የፊት መስመር፣ ከዚያው ኳርተርባክ ጋር ዶናልድ ብራውን 102 ጊዜ ይዞ 537 ያርድ ሮጠ፣ በአማካይ 5.3። ከዚህ በኋላ በፊት መስመር ማሳበብ አይቻልም።

ልዩነቱ አይን ነው። ሪቻርድሰንን ቪዲዮ ላይ ስታዩት ኳሱን ተቀብሎ ቀጥታ ወደ ገዛ ጓደኞቹ ጀርባ ይገባል። በግራ በኩል አንድ ሜትር ላይ ክፍተት ተከፍቷል፣ እሱ አላየውም። አላባማ ላይ ይህ ችግር አልታየም፣ ምክንያቱም እዚያ ከፊቱ ያሉት ልጆች ተጋጣሚውን ሁሉ ገፍተው ስለሚወስዱለት የታሰበው በር ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ሞሪስ ግን አንድ፣ ሁለት እርምጃ ይጠብቃል። ተከላካዩ ማን ላይ እንደተጠመደ ያያል፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ይታጠፍና ወደፊት ይገፋል። ወደኋላ የሚሮጥበት፣ ጎን ለጎን የሚጨፍርበት ጊዜ የለም። ይህን የሚለካ ሰዓት ኮምባይን ላይ የለም። ኮኖቹ አይንቀሳቀሱም፤ ልጁ የት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ተነግሮታል።

ለፍትሕ ያህል ግን ሌላውን ግማሽ ልጨምር። ሞሪስ ያን ያህል የበራው አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ስለነበር ጭምር ነው። ሻናሃን የፊት መስመሩን አንድ ላይ ወደ አንድ ጎን እያንቀሳቀሰ ራኒንግ ባኩ ክፍተቱን መርጦ አንዴ እንዲቆርጥ የሚያደርግ ዘዴ ነበረው። ዴንቨር ላይ በዚሁ ዘዴ በ1995 በ6ኛ ዙር የመጣውን ቴሬል ዴቪስን በ1998 2,008 ያርድ አስሮጦታል። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ኳርተርባኩ አርጂ3 ራሱ ይሮጥ ስለነበር ተከላካዮቹ አይናቸው ሁለት ቦታ ነበር። ሻናሃን ከሄደ በኋላ የሞሪስ ቁጥር እየወረደ መጣ። ስለዚህ ልጁ ይሆናል ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ለየትኛው ቡድን የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት። ይህን ጥያቄ ቴሌቪዥኑ ላይ ለአንድ ደቂቃ እንኳ በደንብ ሲያነሱት አልሰማም፣ ከሁሉም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ልጁን ብቻውን አቁመው ይለኩታል፣ ኋላ ግን የሚጫወተው ብቻውን አይደለም።

ዊስኮንሲንን ደግሞ ተመልከቱ። አንድ ትምህርት ቤት፣ በየዘመኑ ግዙፍ የፊት መስመር፣ በየዘመኑ በሺህ የሚቆጠር ያርድ። ሮን ዴይን በ1999 ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይዝማን ሽልማት ወሰደ፣ በ11ኛ ምርጫ ኒውዮርክ ጃያንትስ ገባ፣ በአንድም ዓመት 1,000 ያርድ አልሞላም። ሞንቴ ቦል ኮሌጅ ላይ 77 ጊዜ ሮጦ ታችዳውን አስቆጠረ፣ በ2013 በ2ኛ ዙር ዴንቨር ወሰደው፣ ብዙም ሳይቆይ ከሊጉ ወጣ። ሜልቪን ጎርደን በ2014 2,587 ያርድ ሮጠ፣ ኤንኤፍኤል ላይ የመጀመሪያ ዓመቱ 641 ያርድና ዜሮ ታችዳውን ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ግን ተነሳ፣ ጥሩ ተጫዋችም ሆነ። ጆናታን ቴይለር በ3 ዓመት 6,174 ያርድ ሮጦ መጣ፣ በ2021 1,811 ያርድ ሮጦ ሊጉን መራ። የአራቱም የኮሌጅ ቁጥር ያስደነግጣል። ከቁጥሩ ብቻ ማንን ትመርጡ ነበር?

እዚህ ላይ ኮምባይን አንድ ነጥብ ያገኛል፣ ልንነፍገው አይገባም። ቴይለር ኮምባይን ላይ 226 ፓውንድ መዝኖ 40 ያርዱን በ4.39 ሮጠ። በዚያ ክብደት እንደዚያ መፍጠን ብርቅ ነው። ሳኩዋን ባርክሊ በ2018 233 ፓውንድ ሆኖ 4.40፣ ዴሪክ ሄንሪ በ2016 247 ፓውንድ ሆኖ 4.54። ሦስቱም የት እንደደረሱ ታውቃላችሁ። ሄንሪ በ2020 2,027 ያርድ፣ ባርክሊ በ2024 ከፊላዴልፊያ ጋር 2,005 ያርድና የሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ቀለበት። ሰዓቱን ብቻውን ሳይሆን ከክብደቱ ጋር አያይዞ የሚያሰላ ቀመር አለ፣ ስፒድ ስኮር ይሉታል። ክብደቱን በ200 ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ሰዓቱን አራት ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ ታካፍሉታላችሁ። 100 አካባቢ መካከለኛ ነው። ባርክሊ 124 ገደማ ነው፣ ቴይለር ከ121 ያልፋል፣ ሄንሪ 116። ይህ ጠቃሚ ነው፣ ኮከብ የሰጠሁትም ለዚህ ነው።

ሰዓቱ ለብቻው ሲሆን ግን ይህን እዩ። ክሪስ ጆንሰን በ2008 4.24 ሮጦ ሁሉንም አስደነገጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት 2,006 ያርድ ሮጠ። ይኸው ፍጥነት ይሰራል ተባለ። በ2014 ድሪ አርቸር 4.26 ሮጠ፣ 173 ፓውንድ ብቻ ነበር፣ ፒትስበርግ በ3ኛ ዙር ወሰደው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.02 ሰከንድ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ካሪም ሃንት አለ። 4.62 ሮጦ በ2017 በ3ኛ ዙር ገባ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ በ1,327 ያርድ የሊጉ አንደኛ ሆነ። አሪያን ፎስተር በ2009 ድራፍት ላይ ማንም አልመረጠውም፣ በ2010 በ1,616 ያርድ ሊጉን መራ። ኤሚት ስሚዝም በ1990 ሲመጣ ዘገምተኛ ነው ተብሎ እስከ 17ኛ ወርዷል፣ 18,355 ያርድ ይዞ ዛሬም ከታሪክ አንደኛ ነው።

ስለ ሕክምናው ብዙ አልናገርም፣ ምክንያቱም ካሜራ አይገባበትም። ግን የኮምባይን እውነተኛ ዋጋ እሱ ነው። ራኒንግ ባክ ጉልበቱ ነው። ማርከስ ላቲሞር ኮሌጅ ላይ ጉልበቱን ክፉኛ ተጎድቶ በ2013 በ4ኛ ዙር ተመረጠ፣ አንድም የኤንኤፍኤል ጨዋታ ሳይጫወት አቆመ። ፍራንክ ጎር ደግሞ ሁለቱም ጉልበቱ ኮሌጅ ላይ ተጎድቶ፣ በ2005 እስከ 3ኛ ዙር ወርዶ፣ 16 ዓመት ተጫውቶ ልክ 16,000 ያርድ ይዞ ከታሪክ 3ኛ ሆኖ ወጣ። ሐኪምም ይሳሳታል። ቢሆንም ሁሉም ቡድን ልጁን በአንድ ቦታ በራሱ ሐኪም የሚያስመረምርበት ሌላ አጋጣሚ የለም።

ሦስተኛው ሥራ፣ ኳርተርባኩን መጠበቅ፣ ኮምባይን ላይ ከነጭራሹ የለም። አዲስ ልጅ ሜዳ ላይ እንዳይቆይ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አሰልጣኝ በ3ኛ ሙከራ ላይ፣ 8 ያርድ ሲቀር፣ ውድ ኳርተርባኩን ለማያስቆም ልጅ አደራ አይሰጥም። ላይንባከሩ በየት በኩል እንደሚመጣ ከጨዋታው በፊት ማንበብ፣ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት ለሚመጣ 240 ፓውንድ ሰው ደረት ለደረት መቆም ያስፈልጋል። ኢዝኪየል ኤሊየት በ2016 ከኦሃዮ ስቴት ሲመጣ የተመሰገነው በሩጫው ብቻ አልነበረም፣ ሰው በማስቆሙም ነበር። ስለዚህም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሜዳ አልወጣም፣ በ1,631 ያርድም ሊጉን መራ። ዳላስ ያኔ የነበረው የፊት መስመር ምርጥ መሆኑም አልተረሳኝም።

አሽተን ጄንቲን ያነሳሁት እንደሆነ ኮምባይን ከነጭራሹ ሊዘለል እንደሚችል ታያላችሁ። ጄንቲ በ2024 ለቦይዚ ስቴት 2,601 ያርድ ሮጠ፣ የባሪ ሳንደርስን የ1988 ክብረ ወሰን 2,628ን ለማለፍ ትንሽ ቀረው። ሳንደርስ በ11 ጨዋታ፣ ጄንቲ በ14 መሆኑን ግን አንርሳ። ኮምባይን ላይ 211 ፓውንድ መዘነ፣ 40 ያርድ አልሮጠም። ያለ ሰዓት ሬይደርስ በ6ኛ ምርጫ ወሰደው። ከዚያ በፊት በነበረው ድራፍት በ1ኛ ዙር አንድም ራኒንግ ባክ አልተመረጠም ነበር፤ ይህን ስታስቡ ምን ያህል እንዳመኑበት ይገባችኋል።

ያመኑት በሰዓት ሳይሆን በቪዲዮ ነው። ጄንቲ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ገደማ ነው፣ እግሩ ወፍራም፣ ተመትቶ አይወድቅም። ከሮጠው ያርድ አብዛኛው ተከላካይ ከነካው በኋላ የተገኘ ነው። ይህ ችሎታ ይሻገራል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም በክፍት በር ላይ አይመሰረትም። ኳስ መቀበልም ይችላል፣ በ2023 43 ኳስ ይዞ 569 ያርድ ሄዷል። የሚያሳስበኝ የተጋጣሚዎቹ ደረጃ ነበር። ስለዚህ ጆርጂያ ሳውዘርን ላይ 6 ታችዳውን ያስቆጠረበትን ቪዲዮ ትቼ ሁለት ጨዋታ እመክራችኋለሁ። ኦሬገን ላይ 192 ያርድ የሮጠበትን፣ ከዚያ ፔን ስቴት በፊዬስታ ቦውል በ30 ሩጫ 104 ያርድ ብቻ የፈቀደለትን። ሁለተኛውን በተለይ እዩት። በር ሳይከፈት ሲቀር ልጁ ምን እንደሚያደርግ የሚታየው እዚያ ነው። ሁለትና ሦስት ሰው ላዩ ላይ እያለ እግሩ መንቀሳቀሱን አያቆምም።

ኤንኤፍኤል ላይ የመጀመሪያ ጨዋታው ከባድ ነበር፣ 19 ጊዜ ይዞ 38 ያርድ። ሬይደርስ ከሱ በፊት በነበረው ዓመት በሩጫ ከሊጉ መጨረሻ ነበር፣ ስለዚህ ብዙም አልገረመኝም። የሚገርመው በ4ኛው ሳምንት ቺካጎ ላይ የሆነው ነው። ኮሌጅ ላይ ጄንቲ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ቀጥ ብሎ ነበር የሚቆመው፤ ፕሮፌሽናል ሲሆን አቋቋሙ ተቀይሮ ነበር። ያን ቀን ወደ ድሮው አቋቋሙ ተመልሶ 138 ያርድ ሮጠ፣ 3 ታችዳውን አስቆጠረ። አንድ ጨዋታ ነው፣ ከዚያ በላይ አላስጨንቀውም። ግን ልጁን ከኮሌጅ ያመጣውን ነገር አስቀድሞ መቀየር ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

እንደ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ካያችሁት ኮምባይን መጥፎ አይደለም። ሁለት ሯጮችን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው የሚያሳዩበት ምስል ያስደስታል። የቴሌቪዥን አቅራቢው ሪች አይዘን በሱፍ ልብሱ 40 ያርድ ሮጦ ለሴይንት ጁድ የሕጻናት ሆስፒታል ገንዘብ የሚያሰባስብበትም ያምራል። ከሰዓቱ በኋላ የሚመጣውን ትንታኔ ግን ድምፁን ዝቅ ብታደርጉት ምንም አይቀርባችሁም። ኳስ ሲቀበሉ እዩአቸው። እጃቸው ኳሱን ከሰውነታቸው አርቆ ይይዛል ወይስ በደረታቸው ነው የሚያቅፉት? ሲታጠፉ ፍጥነታቸው ይወርዳል? ያን ያህል ነው የምታገኙት።

ለራኒንግ ባክ የምመክረው ሌላ ቦታ ነው። ኮምባይን ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት ሞቢል አላባማ ላይ ሲኒየር ቦውል የሚባል ለድራፍት የሚዘጋጁ የኮሌጅ ልጆች ጨዋታ አለ። ከጨዋታው በፊት ባለው የልምምድ ሳምንት ራኒንግ ባክ ከላይንባከር ጋር አንድ ለአንድ የሚገጥምበት ልምምድ አለ። ላይንባከሩ በሙሉ ኃይሉ ይመጣል፣ ራኒንግ ባኩ ማስቆም አለበት። ሙሉ ልብስ ለብሰው ነው፣ ድምፁ ይሰማል። አንዳንዱ በጉልበት ይቆማል፣ አንዳንዱ በብልሃት ጎኑን ይዞ ያሳልፈዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አይኑን ጨፍኖ ይወረወራል። ሁሉም ትልቅ ስም እዚያ አይመጣም፣ ጄንቲም አልነበረም። ቢሆንም ከ3ኛ ዙር በኋላ የሚመረጡትን ለመለየት ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ጊዜ ካጠራችሁና ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ ሞቢልን እዩ።